ለጨጓራው የጾማችሁለት ልጅ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ከመዘምራን ጋር ስቆም እንጂ ብቻዬን እዚህ ስወጣ አታውቁኝም። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የወጣሁት፤ ግን አስቀድሜ እንዳፈርኩ እወቁልኝ። ወደ ማን ፊት እንደማይ እንኳ አላውቅም፤ ሁላችሁም ጾማችሁልኛልና።

ልጄን አቤኔዘርን ታውቁታላችሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ተዘግቶ ሳለ እኛ ሰፈር፣ ቢልመር፣ መናፈሻው ውስጥ ቢራ በቦርሳው ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ተያዘ። እዚህ አገር በእሱ ዕድሜ መጠጥ ይዞ መገኘት ያስጠይቃል። መጀመሪያ መክረው ለቀቁት። ሁለተኛ ሲይዙት ለመናፈሻው ጠባቂ አፍ እላፊ ተናገረና ነገሩ ልጆችን የምትዳኝ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛዋ «ሰው አገልግለህ ትክሳለህ» ብላ ታክስትራፍ የሚሉትን የሥራ ቅጣት ፈረደችበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ መጦሪያ ቤት ላሉ ሽማግሌዎች ስልክ አጠቃቀም በቪዲዮ ያስተምራል። ቅጣቱን የምትቆጣጠር አንዲት ሜቭራው፣ ሴትዮ፣ በስክሪኑ ትከታተለዋለች። ሳያስፈቅድ አቋርጦ ከጠፋ ግን ተመልሶ ዳኛዋ ፊት ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ሮተርዳም የወጣቶች መዝሙር ልምምድ አለ። እህት ሰናይት «አቤኒ የት ቀረ?» አለችኝ። «ትንሽ አሞት ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ምኑን ነው ያመመው?» አለችኝ። «ጨጓራውን» አልኩ። «ሃውስአርት ጋ አልወሰድሽውም?» «ወስጄዋለሁ።» «ፓራሲታሞል ሰጥቶ መልሶት ነዋ! እነዚህ ሐኪሞች ሰው ካልሞተ አይደነግጡ!» ብላ ተቆጣችልኝ። እኔም አብሬ ተቆጣሁ። ወገኖቼ፣ ያላየሁትን ሐኪም አማሁት!

ከዚያ ስሙ በጸሎት ርዕስ ውስጥ ገባ። ጾም ታወጀ። እናንተ እህል ሳትቀምሱ ስትውሉ ልጄ ቤቱ ፓስታውን በደንብ ይበላ ነበር። እኔም አብሬአችሁ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ዕንባዬ የእውነት ነበር። የፈራሁት ግን እግዚአብሔርን አልነበረም፤ «የዘማሪዋ ልጅ ቢራ ይዞ ተያዘ» መባልን ነው። በወንጌል ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ይሉኝታን ግን እንደ አምላክ ሳመልክ ኖሬአለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተደወለ። ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ አባታችንን ታውቋቸዋላችሁ፣ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሽማግሌያችን። እህት ሰናይትም ሾርባ በፔርሙስ ይዛ አብራ አለች። በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ከሮተርዳም ዙይድ እኛ ከተማ ድረስ! «ልጁ ላይ እጅ ጭነን ልንጸልይ ነው» አሉኝ። በሩ ላይ አቆምኳቸውና ወደ ልጄ ክፍል ሮጥኩ።

ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ያስተምራል። «ዝጋውና ተኛ!» አልኩት። «ማማ፣ ካን ኒት! አይቻልም፣ እያየችኝ ነው» አለኝ። «ተኛ አልኩህ!» እጄ ነው ኮምፒውተሩን የዘጋው፤ የእኔ እጅ! ልጄ አንድ ጊዜ አየኝና ጫማውን ሳያወልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ተስፋይ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አሉት። እዚህ ያደገ ልጅ አይደል፣ አንተ ነው የሚላቸው፤ «ጋሼ፣ እኔ አላውቅም። እሷን ጠይቃት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅዱሳን፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዳኛ ፊት ቆሞ «አዎ፣ ይዣለሁ» ያለ ልጅ፣ እናቱ ውሸት እያስተማረችው ነው። ያኔ ጌታ ልቤን ነካው። ስሙ ይክበር! «አልታመመም» አልኩ። «ቅጣቱን ነው የሚሠራው። በመጠጥ ተይዞ ነው። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

እህት ሰናይት ፔርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ጋሽ ተስፋይ ግን መጀመሪያ እኔን አላናገሩኝም። «ተነስ፣ ኮምፒውተሩን ክፈተው» አሉት ልጁን። ሜቭራዋ ስክሪኑ ላይ ስትመለስ በዚያ ጠንካራ ደችኛቸው «ይቅርታ፣ ያቋረጥነው እኛ እንግዶቹ ነን፤ ልጁ ጥፋት የለበትም» አሏት። እኔም ጎንበስ ብዬ «የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «እሺ፣ ይቀጥል» አለች። ጌታ ይመስገን! ከዚያ ጋሽ ተስፋይ ወደ እኔ ዞረው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነይ ልጄ፣ ለአንቺ እንጸልይ» አሉኝ። እጃቸው የተጫነው በእኔ ራስ ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ሳልል ኢየሱስን «አድነኝ» አልኩት። ከክፍሉ «አይ፣ አረንጓዴውን ይጫኑ» እያለ ልጄ ሲያስተምር ይሰማኝ ነበር።

አቤኔዘር ቅጣቱን ጨርሷል። ሾርባውንም ያን ቀን ጠጥቶታል፤ እህት ሰናይትም ቆይታም ቢሆን ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን አሁንም ሳየው አፍራለሁ፤ ያንን አስተያየቱን አልረሳሁትም። ጌታ ግን ከነሃፍረቴ ተቀብሎኛል፣ ሃሌ ሉያ! እዚህ መካከል «ደህና ነን» እያላችሁ ቤታችሁ የምታለቅሱ ካላችሁ፣ ለእሱ ስጡት። ገበናችሁን ያውቀዋል፤ አውቆም አይሸሻችሁም።

ይህን ልናገር ልጄን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። «እማዬ፣ ቢራውን ንገሪያቸው፣ ግድ የለም» አለኝ። «ግን አንድ ነገር በይልኝ፤ አልታመምኩም በይ።»

ይኸው፣ በሁላችሁ ፊት እላለሁ። ልጄ አልታመመም። የጾማችሁት ለእኔ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።