እልል በሉልኝ ያልኩበት ቀን

ብዙ አልናገርም። ልብስ የምሰፋላቸው ደንበኞቼ ይህን ያውቃሉ፤ ልኬት እወስዳለሁ፣ ቀጠሮ እነግራለሁ፣ ያበቃል። በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ብዙ ተናገርኩ፤ ያውም በድምፅ ማጉያ።

ልጄ ያኔ የምትኖረው አሥመራ ነበር። አባቷ እዚያ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ፣ እዚሁ ያረፈ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ሲከፈት የአባቷን ዘመዶች ለማየት ለሁለት ሳምንት ብላ ሄደች። እዚያ ሰው ወደደች። ተጋቡ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ከዚያ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ፤ ስልኩም ተከተለው።

የቀረን ኢንተርኔት ነው፤ እሱም ኢንተርኔት ከተባለ። እዚያ በእጅ ስልክ ኢንተርኔት የለም። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኑን አዝላ ኢንተርኔት ቤት ትሄዳለች። በሩ ላይ መታወቂያዋን ታስመዘግባለች፤ ወረፋ ትጠብቃለች። አንዳንዱ ገጽ ጭራሽ አይከፈትም፤ የሚከፈተውም እስኪከፈት ሰዓቷ ያልቃል። የልጅ ልጄን ፎቶ ለማየት አምስት ቅዳሜ ጠብቄያለሁ። ስትጽፍልኝም ከኋላዋ ቆሞ የሚያነብ ሰው እንዳለ አድርጋ ነው የምትጽፈው። «እማ፣ ሰላም ነን። ሕፃኑ ጥርስ አወጣ። ዝናብ ጀምሯል።» ከዚህ አይበልጥም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ» ብዬ እመልሳለሁ። መልእክቷ እስኪደርሰኝ ድረስ ግን ቅዳሜ መርፌ አልይዝም።

አንድ ቅዳሜ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ «የሕፃኑ አባት ሠርግ ሄዷል» ብላ ጻፈች።

ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት አልፎታል። በጾም ሠርግ የለም። ይህን እኔ እንደማውቅ ልጄ ታውቃለች። አማቼ ወታደር ነው፤ እዚያ ደግሞ ለውትድርና የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይነገረውም። ድንበር ለማቋረጥ እንደተነሣ ገባኝ። ሞባይሉን ሳላስቀምጥ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳልኩ፤ በሰላም ካሻገርክልኝ በእጄ የሰፋሁትን ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ።

በአሥረኛው ቀን አማቼ ሱዳን፣ ከሰላ ሆኖ ደወለልኝ። እግሩ ቆስሏል፣ ሌላው ደህና ነው። ለጦር ክፍሉ ታምሜ ቤቴ ተኝቻለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ልጄ ወደ ክፍሉ ተመልሷል ብላለች። እሷና ሕፃኑ እስኪወጡ ድረስ ይህ ነገር በዚሁ መቆየት አለበት አለኝ። እሺ አልኩት። ለእኔ ዝም ማለት ከባድ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቁልቢ ወጣሁ። ወይን ጠጅ መልክ ያለውን የከፋይ ጃንጥላ በሁለት እጄ አቅፌ፣ በሕዝቡ መሐል እየተገፋሁ፣ ስለት መቀበያው ጋ ደረስኩ። ልሰጥና ልመለስ ነበር። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው አፌ ላይ አስጠግቶ፣ ምን እንደተደረገልኝ ጠየቀኝ። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ተናገርኩ።

«አማቼን ከአሥመራ አውጥቶ፣ ከጦሩ አስመልጦ፣ ድንበሩን በሰላም አሻገረልኝ። ልጄንና የልጅ ልጄንም ያስከትልልኝ። እልል በሉልኝ።»

ሕዝቡ እልል አለ። ያን ቀን መኪና ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ድሬዳዋ መግቢያ ላይ ነው የነቃሁት።

በሦስተኛው ቀን መጋላ ሰፈር ሞባይል መጠገኛ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ በባጃጅ እኔ ሰፈር፣ ከዚራ ድረስ መጣች። ሶማሌ ናት፤ ከልጅነታችን እንተዋወቃለን። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠችና ፈገግ አለች።

«አቦ አንቺ፣ በሠላሳ ዓመት ሠላሳ ቃል ሳትነግሪኝ፣ ሁሉንም ለመልአኩ ነው እንዴ ያጠራቀምሽው?»

ሞባይሏን አዞረችልኝ። እኔ ነኝ። ነጠላዬ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖታል፣ ድምፄ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሥሩ ሰዎች አሜን፣ አሜን ብለው ጽፈዋል። እየሳቀች ነበር፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። ነገርኳት።

«ወላሂ አላወቅኩም» አለች፤ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። በዚያ ሙቀት።

ያን ቀንም በማግስቱም ቪዲዮውን ላወጣው ገጽ ባለቤት ጻፈችለት። ሰው እየተጽናናበት ነው፣ አላነሣውም ብሎ መለሰላት። ስልኩን ፈልጋ አገኘችልኝና ራሴ ደወልኩ። ቅን ልጅ ነው፤ አልተቆጣም።

«እናቴ፣ የመልአኩን ተአምር ልንደብቅ ነው?»

«ተአምሩን አትደብቅ» አልኩት። «ልጄን ደብቅልኝ።»

እሺ አለኝ፤ የዚያኑ ዕለት አነሣው። ግን ሌሎች ቀድመው ቀድተውታል። አንዱ ዘፈን ጨምሮበታል፤ አንዱ ከሥሩ «ከአሥመራ ያመለጠው ወታደር» ብሎ በትልቁ ጽፎበታል።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ሲሆን ስፌቱን እየተውኩ ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ እሄድ ነበር። ከተማው ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ይላል። ጓደኛዬ የሞባይል መስታወት እየቀየረች፣ በመሐል እየፈለገች፣ ላገኘችው ሁሉ አንሣው ብላ ትጽፋለች። አንዱን ስናስጠፋ ሌላ ቦታ ይወጣል። ልጄ ገጽ አልከፈት ሲላት የዘጉባትን ሰዎች ስንት ቀን በልቤ ረግሜያለሁ። አሁን እኔ ሱቋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ዝጉት እያልኩ እለምናለሁ።

በዚያው ሰሞን የኛም ከተማ ኔት ሁለት ቀን ጠፋ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሱቁ ውስጥ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ አንዱ ገንዘብ መላክ አቃተኝ ይላል፣ አንዷ ጅቡቲ ካለው ባሏ ጋር ተቆራርጣለች። እኔ ተመስገን አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ያቺ ሴት እንደ እኔው ሞባይሏን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ልጄ በመጀመሪያው ቅዳሜ አልጻፈችም። በሁለተኛውም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። አማቼ ከከሰላ ይደውላል፤ እሱም ምንም አልሰማም። አንድ ቀን «ቪዲዮውን አይቼዋለሁ» አለኝና ሌላ ሳይጨምር ስለ እግሩ ማውራት ቀጠለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁትና እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ላይ ቆሜ ለምን ልወጣ እንደነበር ይጠፋብኛል።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ነበር።

«ማመስገን ኃጢአት ነው ብዬ ልቅጣሽ?» አሉኝ። «አሁን ዝም ብለሽ ጸልዪ።»

ሌላ ስለት ተሳልኩ። የልጄን ደህንነት ካሰማኸኝ የቤተ መቅደስ መጋረጃ አስገባለሁ አልኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። አንዲት ሴት ከአሥመራ በአውሮፕላን ስትወጣ በሞባይሏ ይዛው ወጥታ፣ ከደረሰችበት አገር የላከችው ነው። የልጄ ድምፅ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅ።

«እማ፣ ደህና ነን። ያንቺ ቪዲዮ እዚህ ገብቷል። በኢንተርኔት አይደለም፤ ሰው በፍላሽ ይዞት መጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው ደህንነቶቹ ጋ የደረሰው። ጠርተው አሳዩኝ። የመጣሽው ከኢትዮጵያ ነው፣ ይህቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ ወይ አሉኝ። አላውቃትም አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። የእኔ እናት ይህን ያህል አትናገርም አልኳቸው። ሁለት ቀን አቆይተው ለቀቁኝ። ለጊዜው ኢንተርኔት ቤት አልሄድም። ይህን ስትሰሚ አጥፊው።»

ሱቁ ውስጥ ነው የሰማሁት። ጓደኛዬ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«ልክ ናት» አለች። «ያቺን ሴትዮ እኔም አላወቅኳትም።»

አጥፊው ብላኛለች። ግን ሦስት ቀን አቆየሁት። አላውቃትም የምትለው ጋ ስደርስ በየጊዜው እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ሁለቱን ቀን የት እንዳሳደሯት፣ ሕፃኑ ከማን ጋር እንደቆየ አልተናገረችም፤ እኔም የምጠይቅበት መንገድ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን አጠፋሁት። ጓደኛዬ ማጥፊያውን ልጫንልሽ ብትለኝ እንቢ ብዬ ራሴ ተጫንኩት።

ይህን ዛሬ የምጽፈው በዚህ ምክንያት የሚጠየቅ ሰው አሁን እዚያ ስለሌለ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ዝናብ እየጣለ ቁልቢ ወጣሁ። መጋረጃውን ሦስት ወር ሰፍቼዋለሁ፤ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከነጠላዬ ሥር ይዤዋለሁ። ያው ሰው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሟል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሞባይላቸውን ከጃንጥላ ሥር ወደ ላይ አንሥተዋል።

«እናቴ፣ ምን ተደረገልሽ?»

መጋረጃውን ሰጠሁት። ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋው።

«እሱ ያውቃል» አልኩ።

ማጉያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ስንት ዓመት ልጅ አጥታ እንደቆየች እያለቀሰች ተናገረች፤ እልል በሉልኝ አለች። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩላት።