ለሮምዱል የተያዘው ቦታ

ቴያሪ የጎረቤቴ የቻንቱ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ እልኸኛ። ድሮ አፏ አይዘጋም ነበር። የሱቅ ጀልባዬን ይዤ በቤቶቹ መሃል ስዞር ገና ሳልደርስ ድምጿ ይቀበለኝ ነበር፤ ሩዙ ምነው ተሰበረ፣ ከረሜላው ምነው ቀለጠ፣ እትዬ ሶፋል ዛሬ ደግሞ ምነው ፊትሽ ጠቆረ። አሁን ጨውና ዘይቱን ትቀበለኝና ዝም ብላ ትገባለች። ምን አገኛት እያሉ የሚጠይቁኝ አሉ። ምን ያገኛታል? ያገኛት የትልቅ ሰው ውሸት ነው።

እኛ ቤታችን ውሃ ላይ ነው። ከሥሩ ቀርከሃና በርሜል አለው፣ ይንሳፈፋል። ሐይቁ ሲሞላ ወደ ዛፎቹ እንጠጋለን፣ ሲጎድል ደግሞ ወደ መሃል እንወርዳለን፤ ቤቱን፣ ድስቱን፣ ውሻውን፣ አሳማውን ከነጋጡ እያስጎተትን። ይህን ያህል ስንሄድ ስንመለስ ግን ሰፈሩ አይበተንም። ማን ከማን ጎን እንደሚቆም የታወቀ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ጥንድ ናቸው፤ ሁለቱን ቤት በገመድ አያይዘው፣ ከበረንዳ በረንዳ ሳንቃ አጋድመው ይኖራሉ። የቻንቱና የዓሣ አጥማጁ የሳሩን ቤት እንዲህ ያለ ጥንድ ነበር። የቻንቱ ባል ሲሞት እንኳ ሳሩን ገመዱን አልፈታም። የሷን ቤት ከራሱ ጋር እያስጎተተ ዓመታት ኖረ፤ ለዚህስ እግዜር ይስጠው እላለሁ።

ሮምዱል የሳሩን ልጅ ናት። ከቴያሪ በጥቂት ወር ትበልጣለች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሥራ ላይ ትንሽ ልግመኛ። ሁለቱ በዚያች ሳንቃ ላይ ሲመላለሱ አደጉ። የማን ልጅ ማን ቤት በላች ብሎ የጠየቀ የለም። እናቶቻቸው እንኳ ሲጠሯቸው የሁለቱንም ስም አከታትለው ነበር የሚጠሩት፣ አንዷ ካለች ሌላዋም እዚያው ስለማትጠፋ። ትምህርት ቤት የሚሄዱባት አንዲት አሮጌ ጀልባ ነበረቻቸው፤ ታፈሳለች። ቴያሪ ከኋላ ሆና ትቀዝፋለች፣ ሮምዱል ከፊት ተቀምጣ የገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፈች ትደፋለች። ጭቅጭቃቸው ሰፈሩን ይቀሰቅሰዋል። ቴያሪ "ጨልፊ እንጂ አንቺ ጎታታ፣ ልታሰምጭን ነው" ስትል፣ ሮምዱል ደግሞ ጣሳውን ታቅፋ "አንቺ መጀመሪያ መቅዘፍ ተማሪ፤ ካንቺ ጎሽ ይሻላል" ትላታለች። በአንድ እጃቸው እየተገፋተሩ በሌላው ሙዝ ይካፈላሉ። እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ ዓሣው ጠፋ። ሳሩን መረቡን ጥሎ ሲጎትት የሚወጣለት እምቦጭና ላስቲክ ሆነ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ማንም አይወቅሰውም፤ ግን ባዶ መረብ ልጅ አያበላም። በመጨረሻ የሚስቱ ዘመድ ከተማ ልብስ ከሚሰፋበት ፋብሪካ አስገባችኋለሁ ብሎ ላከባቸው፣ እነሱም ቆረጡ። አንደኛቸውን ሐይቁን ትተው ሊሄዱ ነው።

እናቶቹ ተቀምጠው መከሩና ልጆቹን እንዋሻቸው ተባባሉ። ሮምዱል ለቅሶዋ አያድርስ ነው፣ ቴያሪም እልኋ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው አንላቀቅም ቢሉ ማን ይችላቸዋል? ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወሬ ተነገራቸው፤ የሳሩን ቤት ቀድሞ ወደ ወንዙ አፍ ይሄዳል፣ እዚያ ጥቂት ሠርቶ፣ ውሃው ሞልቶ ሲጎድል ተመልሶ ቦታው ይቆማል ተባለ። ይህን ውሸት መሬት ላይ ያደገ ልጅ አይውጠውም። የኛ ልጅ ግን ለምን አትውጠው? ከተወለደች ጀምሮ ያየችው ቤት ሲሄድ፣ ቤት ሲመለስ ነው። እሷ ዘንድ ቤት ተነሳ ማለት ዝናብ መጣ ማለት ነው፤ አለቀ። እኔ ቻንቱን ኧረ ንገሪያት፣ ነገ ይብስባታል አልኳት። "ልጅ አይደለች እንዴ፣ እትዬ? ሌላ ጓደኛ ታገኝና ትረሳዋለች" አለችኝ። ኤዲያ! ልጅ ትረሳለች የሚሉት ልጅነታቸውን የረሱ ናቸው።

ቤቱን የጎተተው ባለቤቴ ሜንግ ነው፣ በሞተር ጀልባችን። ያን ቀን ሁለቱ ሴቶች ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸው ዕቃ እየቆጠሩ ይዋከባሉ፣ ልጆቹ ግን ይስቃሉ። ሳንቃውን ራሳቸው አነሱት። ቤቱ ፈቀቅ ሲል ሮምዱል በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ እያንቦጫረቀች፣ ቦታዬን ያዢልኝ፣ እነዚያ አሳማ አርቢዎች እንዳይገቡበት ብላ ጮኸች። ቴያሪም ማንም አይገባም፣ አንቺ ብቻ እንደ ልማድሽ አትንቀርፈፊ ብላ መለሰችላት። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ሥራዋ። ቻው የለ፣ መተቃቀፍ የለ። የሚመለስን ሰው ማን ያቅፋል?

በኛ ደንብ ባዶ ቦታ ላይ የቀርከሃ እንጨት ተክሎ ጨርቅ ያሰረ ሰው ቦታው የሱ ነው፣ ሽማግሌም ቢሆን አይደፍረውም። ቴያሪ ያኑ ዕለት እንጨት ተከለች፣ የሮምዱልን ባለ ዳማ ፎጣ አሰረችበት። አሳማ አርቢዎቹ እንደተባለውም መጡ። ልጅቷ መቅዘፊያዋን ከፍ አድርጋ ጀልባዋ ላይ ቆመች፤ አባወራቸው ሳቀና አሳማውን ይዞ ሄደ። ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ቦታው ላይ የተጠራቀመውን እምቦጭ በእጇ ትነቅላለች፤ ለምን ስትባል ቤቱ ሲመጣ እንዳያስቸግረው ትላለች። የሰፈሩ ልጆች የውሃ ዘበኛ አሏት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ትምህርት ቤቱ ግን አልሆነላትም። አንድ ሰው እንዴት ይቀዝፋል፣ እንዴት ይጨልፋል? ጥቂት ቀዝፋ ቆም ትላለች፣ ትጨልፋለች፣ ጀልባዋ በነፋስ ትዞርባታለች፣ ደግሞ ትቀዝፋለች። ስትደርስ እስከ ወገቧ ርሳለች፣ ትምህርቱም ተጋምሷል። አስተማሪዋ ሌላ ልጅ ከፊት አስቀምጪ ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ የሰው መቀመጫ ነው አለች። ቀስ በቀስ ቀረች። እናቷ ተቆጣች፣ ለመነች፣ አንድ ቀንም መታቻት። ምንም አልፈየደም።

ውሃው ሲሞላ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዛፎቹ ተነሳ። ቴያሪ የተከለችውን እንጨት ነቅላ ከነፎጣው ታቅፋ መጣች፤ አንዱን እጇን ሜንግ ጀልባ ላይ ጥላ፣ ጋሼ ሜንግ፣ ከኛ ጎን ቤት የሚያህል ቦታ ተውልኝ አለችው። እሱ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነው፣ ተወላት። ሌላው ጎረቤት ስንጣበብ ባዶ ውሃ እናቅፋለን እንዴ ብሎ አጉረመረመ። ሜንግ እቤት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፤ እራቱንም አልበላም። እኔ ቻንቱ ዘንድ ሄጄ እስከ መቼ ነው ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። አሁንማ ብነግራት አታምነኝም፣ ካመነችኝም ትጠላኛለች አለች። እናቷ እያለች እኔ ምን ልበል? አፌን ይዤ ተመለስኩ።

ውሃው መጉደል ሲጀምር ባሰ። ተመልሰን ወደ መሃል ወረድን፣ እንጨቷም አብራ ወረደች። አሁን የቀጠሮው ጊዜ ደርሷል፤ ልጅቷ በረንዳው ላይ ተሰፍታ ዋለች። ሞተር በሰማች ቁጥር ትነሳለች፣ የሌላ ሰው መሆኑን ስታይ ትቀመጣለች። ሩዟን ለዓሣ ትደፋዋለች። አጥንቷ ወጣ። አንጀቴን በላችው፤ ከረሜላ በነፃ ብሰጣት ለሮምዱል ብላ ታስቀምጠዋለች። እኔ እንኳ፣ ይኸው እውነቴን ነው፣ በልቤ ምነው በመጡና ባሳፈሩን እል ጀመር።

መጡም። ማለቴ ቤቱ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሱቅ ጀልባዬን ቻንቱ በረንዳ ላይ አስጠግቼ ሽንኩርት እየመዘንኩላት። ከሩቅ አንድ የማናውቀው ጎታች አንድ ቤት ይዞ ብቅ አለ። ሰማያዊ ቀለም፣ ጥጉ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ የነሮምዱል ቤት ምልክት። እኛ ልብ ሳንለው ቴያሪ ብድግ ብላ "መጡ! እትዬ ሶፋል፣ መጡ!" አለች። ከስንት ወር በኋላ ያን ድምጿን ሰማሁት። ቻንቱን አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ልጅቷ ዘላ ጀልባዋ ውስጥ ገባች። እንጨቱን ነቀለች፣ ፎጣውን አንገቷ ላይ ጣለች፣ ቤቱ ወደ ቦታው ሲንሸራተት ገመዱን ተቀብላ አጥብቃ አሰረች፤ ሳንቃውን ለብቻዋ እየጎተተች አጋደመች። በሩ ተከፈተና ሕፃን የታቀፈች የማናውቃት ሴት ወጣች። ደግ ፊት አላት፣ ውሸት አልናገርም። "ጎበዝ ልጅ" አለቻት፤ "ጎታቹ እዚህ ክፍት ቦታ አለ ብሎን ነው የመጣነው። አንቺ ነሽ የያዝሽልን?"

ቴያሪ በአጠገቧ አልፋ ገባች። ጓዳውን አየች፣ መኝታውን አየች፣ ከጓሮ በኩል ወጥታ ዞራ መጣች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ ቤቱን ወንዙ አፍ ላይ ከአንድ ሰው ገዝተነው ነው፣ እነሱ ከተማ ገብተዋል፣ መሬት ላይ ነው የሚኖሩት አለችኝ። ልጅቷ ሰማች። ሳንቃው መሃል ላይ ቆመች።

"እትዬ ሶፋል" አለች ቀስ ብላ፣ "የመሬት ቤት ይጎተታል?"

"አይጎተትም፣ የኔ ልጅ።"

"ውሃው ሲሞላስ?"

"ሲሞላም አይጎተትም።"

ቻንቱ መጥታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች፣ ትማታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው ባደረገችው። ቴያሪ እናቷን ሽቅብ አየቻትና ጠየቀቻት።

"ሮምዱልም እመለሳለሁ ብላ ነው የሄደችው?"

ቻንቱ አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

"እንግዲያው እሷም እየጠበቀች ነው" አለች ልጅቷ። "ማን ይነግራታል?"

 ከተማው ሰፊ ነው፣ ሳሩን የት ሠፈር እንደገባ የሚያውቅ ሰው ከመሃላችን የለም። ቴያሪ ሳንቃውን ተሻግራ ወደ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ዘጋች።