የቮልሷን ወንበር የሰፋችው ሴት

ባለቤቴ ቮልሷን በአይሱዙ አስጎትቶ ግቢያችን ያስገባት ጥቅምት ላይ፣ የከተማችን የቆሰበር ዝናብ ፋታ መስጠት ሲጀምር ነው። ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት ወይም ስድስት ይሆናል፤ ባጃጅ በከተማችን መብዛት የጀመረበት ሰሞን ነበር። መኪናዋን የተናዘዙለት ዳንግላ ይኖሩ የነበሩት አጎቱ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ጓሮአቸው ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ኖራለች።

ሞተሯ ብዙም አላስቸገረም። ባሌ የጫግኒ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ስለነበር ከመካኒኮች ጋር ወዳጅ ነው፤ ጥቂት ቀን ተጨማልቀው አስነሷት። ችግሩ ውስጧ ነበር። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ጫጩት ስትፈለፍልበት ከርማለች። ወንበሮቹ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭድ መሳይ ነገር አይጥ ጎጆ ቀልሶበታል፣ ሞላዎቹ ዝገው ልብሱን እየበሱ ወጥተዋል፣ የጣሪያው ጨርቅ ተቦጭቆ ሾፌሩ ራስ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስነባ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ የክርስትና ልብስ እሰፋለሁ። ስለዚህ ቮልሷን ባየሁ ጊዜ ሥራው የኔ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ልብስ ሰፊ ያገባ ሰው የመኪናውን ልብስ ሌላ ቤት ያሰፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እንዲያውም ባሌ ሥራ በሄደበት ሜትሬን ይዤ ገብቼ፣ ሽታውን በነጠላዬ ጫፍ እየተከላከልኩ፣ ወንበሮቹን ለካሁ። የወይን ጠጅ ቀለም ቢሆን ያምርባታል እያልኩ ለራሴ ወስኜ ነበር።

ማታ እራት ላይ ባሌ፣ "ዳንግላ ታፒሰሪ የምትሠራ ዘመድ አለችኝ" አለ። "አባቷ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የወንበር ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነበር። እሱ ነው ያስተማራት። እዚሁ ግቢያችን መጥታ ትሠራልኛለች።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺማ ጎበዝ ነሽ። ግን ያንቺ መኪና ጨርቅ እንጂ እንደ ቆዳ የወፈረ ስካይ አትበሳም።"

በክፋት ቢናገረው ኖሮ እጣላው ነበር። የተናገረው በለስላሳ አንደበት፣ እንጀራ እያጎረሰኝ ነው። ጉርሻውን ዋጥኩት፤ ንግግሩ ግን አልወርድልኝ አለ።

ሴትዮዋ በሳምንቱ መጣች። ከባድ የስፌት መኪናዋን በጆንያ ጠቅልላ በሚኒባስ ጣሪያ ጭና ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ናት። የወንድ ካኪ ካፖርት ለብሳለች፣ ጣቶቿ በማስቲሽ ጠቋቁረዋል፣ ፊቷ ረጅምና ዝምተኛ ነው። ቆንጆ አልነበረችም። ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ባሌ ከሥሯ የማይጠፋበትን ምክንያት በመልኳ አሳብቤ ዐርፍ ነበር።

ማደሪያዋ በዚያው ግቢ ያለው የባሌ እናት፣ የአማቴ ቤት ሆነ። አማቴ፣ ባሌና እሷ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያወሩት በአገውኛ ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ቆሰበር በትዳር መጥቼ ብዙ ዓመት ብኖርም ከሰላምታ ያለፈ አገውኛ አላውቅም። አማቴ ለኔ ሲሉ ሁልጊዜ አማርኛ ነበር የሚናገሩት። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ያን ረሱት። ለሥራው ከተተከለው የቀርከሃ ዳስ ሥር፣ ከቮልሷ አጠገብ፣ ሦስቱም ተቀምጠው ይስቃሉ፤ እኔ በረንዳዬ ላይ የኮሌታ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ሳቃቸውን ብቻ እሰማለሁ። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲሳቅ የሚሳቀው በሱ ይመስለዋል። እኔም መሰለኝ።

ባሌም ተለወጠ። ድሮ ከጫግኒ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ጋደም ይል ነበር። አሁን ሚኒባሱን ተራ አስይዞ ለረዳቱ እየተወ በቀን ይመጣል። እሷ ስካዩን ስትዘረጋ ጫፉን ይይዝላታል፣ እሷ ሞላውን ስታስር ጉጠት ያቀብላታል። ለኔ የጨርቅ ጫፍ ይዞልኝ ያውቃል ወይ ብዬ አሰብኩ። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ጎረቤቴ ገብስ ልትበደር መጥታ ወደ ዳሱ ስታይ ቆየችና፣ "ዘመዱ ናት አላልሽም?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ጥሩ ነው" ብላ ገብሷን ይዛ ወጣች። ያን "ጥሩ ነው" ቀኑን ሙሉ ሳላምጠው ዋልኩ።

አንድ ቀን እሷ ከአማቴ ጋር ገበያ ስትወጣ ወደ ዳሱ ገባሁ። የሁለቱን በሮች ውስጥ የሚሸፍነው ልብስ ገና አልተሠራም። ከተቆረጠው ስካይ አንዱን አንሥቼ በረንዳዬ ላይ መኪናዬ ሥር አስገባሁት። መርፌ ተሰበረብኝ፤ ሌላ ቀየርኩ፣ እሱም ተሰበረ። በመጨረሻ የጂንስ መርፌ አስገባሁና በእግሬ መርገጡን ትቼ መዘውሯን በእጄ እያዞርኩ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ በሩን የሚሸፍነውን ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ክንዴ ዛለ። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ባሌ ሲመለስ ሁላችንም ግቢ ውስጥ ነበርን። ልብሱን ከበሩ ላይ አስደግፌው ነበርና በመዳፉ ዳሰሰው። "እጇ ይባረክ" አለ። "እዩት እስቲ ይኼን መስመር።"

አላረምኩትም። ይበል፣ ይጨርስ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ግን ጎንበስ ብላ አየችውና፣ "የኔ አይደለም" አለች። "የሚስትህ ነው። ስካዩን በዚያች መኪና መስፋቷ ይገርማል።"

ባሌ ዞሮ አየኝና ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እኔ ግን ይበልጥ ተቃጠልኩ። ዝም ብላ ምስጋናውን ብትወስድ ኖሮ የምጠላት ምክንያት አገኝ ነበር። ያንንም ነፈገችኝ። በእጇ ቀንቼ ነበር፣ በሳቋ ቀንቼ ነበር፣ አሁን ደግሞ በደግነቷ ቀናሁ።

በማግስቱ አማቴ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ እንግዳችን በየትኛው በኩል ነው የምትዛመዳችሁ?"

አማቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "በባሌ አያት በኩል ነው። ልጄና እሷ ስድስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ።"

"ሩቅ ነው እንግዲህ።"

"ሩቅ ነው። እኛም ሩቅ ስለሆነ አላወቅነውም ነበር" አሉ። ከዚያ፣ ለማንም እንደሚነገር ተራ ወሬ አድርገው ነገሩኝ። ልጃቸው እኔን ከማግባቱ በፊት ሽማግሌ የላከው ወደሷ ቤት ነበር። እሺ ተብሏል። ቀን ሊቆረጥ ሲል ሽማግሌዎቹ ዘር ሲቆጥሩ ሰባት ቤት ሳይሞላ ተገናኙ። ነገሩ ቀረ። "ሥጋ ነው፤ ሥጋ አይጋባም" አሉ። "እሷም እህቱ ሆነች፣ አንቺም መጣሽልን። እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሳል ልጄ?"

ባሌ አልዋሸኝም። ዘመዴ ናት አለ፤ ዘመዱ ናት። ያ ቃል ግን በአፉ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን የሰፋሁትን የተማሪ ሱሪ ሁለቱን እግር እርስ በርሱ ገጥሜ ሰፍቼው አገኘሁት፤ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት።

የቀረው የጣሪያው ልብስ ነበር። ባሌ ጫግኒ በሄደበት ጠዋት በረንዳዬ ድረስ መጥታ፣ "እህቴ፣ ይኼን ብቻዬን አልችለውም። ማስቲሹ እስኪይዝ የሚወጥርልኝ ሰው ያስፈልጋል" አለች። አላቀማማሁም። የምጠይቃት ነገር ነበረኝ።

ወንበሮቹ ገና አልተገጠሙም። በባዶው ወለል ላይ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈን፣ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ተንበርክከን፣ ነጩን ልብስ ወደ ላይ ወጥረን ጠርዙን ያዝን። ማስቲሹ ጭንቅላት ያዞራል። እጅ ማውረድ አይቻልም። ፊት ለፊት ነን፤ ፊቷን ማዞሪያ ቦታ የላትም።

"ዘመድ መሆናችሁን መቼ ነው ያወቃችሁት?" አልኳት።

ዓይኗን ከጣሪያው አወረደች። "አማትሽ ነገሩሽ?"

"ነገሩኝ።"

"ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው" አለች። "ውሸት አልነግርሽም፣ አልቅሻለሁ። ሐሳቤ ሥራው ላይ ስላልነበር ጣቴን በመርፌ እየወጋሁ አባቴን አስቸገርኩት። ለብዙ ጊዜ የስፌት መኪናው አጠገብ እንዳልደርስ ከለከለኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ወንድሜ ነው። ዘር ከተቆጠረ በኋላ ሌላ ምን ይሆናል?" እጇን ጥቂት አስተካክላ ቀጠለች። "አንቺን ግን እጠላሽ ነበር። ሠርጋችሁ ላይ ተጠርቼ ቀርቻለሁ። ቡሬ ድረስ ሄደው ያመጧት እዚህ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ እል ነበር።"

እንደዚያ ፊት ለፊት የተናገረኝ ሰው አልነበረም። የያዝኩትን ጠርዝ ይበልጥ ወጠርኩት።

"አሁንም ትጠይኛለሽ?"

"ድንችሽን በአዋዜ ከበላሁ ወዲህ ቀንሶልኛል" አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ስንስቅ ልብሱ ከኔ በኩል ተንሸራቶ ማስቲሹ ፀጉራችን ላይ ወረደና እንደገና ከመጀመሪያው ወጠርን። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ቅናቴ በዚያ ሳቅ ወጣ ብል ውሸት ነው። ዕለቱን ባሌ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ስጠብቅ ነበር። ያረፈው ጣሪያው ላይ ነው።

ቮልሷ ተገጣጥማ ስታልቅ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ወንበሮቿ የወይን ጠጅ ሆነው ነበር፤ ባሌ ቀለሙን የመረጠው እኔ ሳልነግረው ነው። ሴትዮዋን ወደ ዳንግላ የምንሸኛትም በሷው በቮልሷ ሆነ። ባሌ ሞተሩን አስነሥቶ የፊተኛውን በር ከውስጥ ከፈተው። እኔና እሷ ከበሩ ፊት ቆምን። እሷ እንግዳ ናት፣ እኔ ሚስት ነኝ። ማንኛችንም ፈቀቅ አላልንም። ባሌ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ይመለከታል።

አማቴ አዲስ ጋቢ ደርበው ከቤት ወጡ። በመካከላችን አለፉና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉን።

ሁለታችንም ኋላ ተጣበን ገባን። የስፌት መኪናዋ ጉልበታችን ላይ ነበር። መንገድ ላይ አማቴ በአገውኛ አንድ ነገር ሲሉ ባሌ ሳቀ፤ እሷ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ "ሲነዳ ልክ እንደ አባቱ አንገቱን ይሰብራል ነው የሚሉት" አለችኝ። እስከ ዳንግላ ድረስ የሚባለውን ሁሉ እየተረጎመችልኝ ሄደች። አብዛኛው ስለ ከሰልና ስለ ጎረቤት ላም ነበር።

አማቴ ዳንግላ ዘመድ ጋ ስለሚያድሩ ስንመለስ ፊት ተቀመጥኩ። ከከተማው እንደወጣን ባሌን፣ "ዝምድናው ባይቆጠር ኖሮስ?" አልኩት።

ማርሽ ቀየረ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "ተቆጠረ እኮ" አለኝ።

እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። ሰው ለሁሉም ነገር መልስ አግኝቶ አይኖርም። ከዚያ በኋላ በዚያች መኪና ቤተ ክርስቲያን ሄደናል፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ውለናል፣ ለቅሶ ደርሰናል። በተቀመጥኩ ቁጥር ከጀርባዬ ያለው ስፌት የሷ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ያስከፋኛል፣ አንዳንዴ ግድ አይሰጠኝም።

የበሩን ልብስ ያዩ የባጃጅ ሾፌሮች ወንበር እንዳለብስላቸው ይመጡ ጀመር። ጠንከር ያለ መኪና አስገባሁ። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ "ዳንግላ ያለችው ናት የሰፋችው?" ሲለኝ ኮስተር ብዬ፣ "እኔ ነኝ" እለዋለሁ።

እሷም ዘግይታ አገባች፤ ባሏ የጫግኒ እህል ነጋዴ ነው። ሴት ልጅ ስትወልድ የክርስትናውን ልብስ ሰፍቼ ይዤ ሄድኩ። ሕፃኗን ለአያትየዋ አቀብላ ልብሱን ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ሄደች። ገለበጠችው። የብብቱን መጋጠሚያ፣ የአንገቱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰች። ከንፈሯ ጠበቅ ብሎ ነበር። ያን ፊት ሳየው አወቅኩት፤ በእጇ በቀናሁ ጊዜ ከነበረው ከገዛ ፊቴ ነው የማውቀው።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ደህና ነው" አለች፣ ልብሱን ሳትለቀው።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።