አርባ ሁለት ደብተር

እኔን ያሳሰረኝ ጉራዬ ነው። ክፍል ውስጥ «ስማችሁን ባትጽፉም በስህተታችሁ አውቃችኋለሁ» እያልኩ እኩራራ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሐይቅ ከተማ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ማን ምን እንደሚያበላሽ በቃሌ ይዤው ነበር። ታዲያ በደርግ ዘመን አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚያወግዝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው፣ ጠመኔ እንደያዝኩ፣ ከክፍል አወጡኝ።

ያስገቡኝ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍተት የሐይቁ ሽታ ይገባል፤ ዓሣና እርጥብ ደንገል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የአምባሰል ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ በእሱ ምትክ የተያዙ።

«አብሽር መምህር» አሉኝ፣ ጠመኔው ገና እጄ ላይ መሆኑን አይተው። «እዚህ የገባ ሁሉ አይሞትም።»

ሁሉ አይሞትም ማለት የሚሞትም አለ ማለት ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቀበሌው ካድሬ መጣ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ዝግታው ነው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። በትልልቁ ፊደል ስለተጻፈ የእጅ ጽሑፉ አይለይም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ማን እንደጻፈችው አወቅኩ።

«ሕዝቡ እነሱ ተርበዋል» እንደማለት፣ ባለቤቱን ጠርታ ተውላጠ ስሙን የምትደግም አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሌሎቹን ይህን አመል ካስተውኳቸው ቆይቷል። እሷን ግን ዓመቱን ሙሉ በቀይ ባከብባትም፣ ዳር ላይ «አሁንም?» ብዬ ብጽፍባትም አልተወችም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

«የማን ነው?» አለኝ።

«አላወቅኩትም።»

«በስህተታቸው አውቃቸዋለሁ ትል የለም እንዴ?»

የተማሪዎቼን አርባ ሁለት ደብተር በጆንያ አስመጥቶ እግሬ ሥር አስዘረገፈ።

«እስከ ዛሬ ያረምከው እዚህ ውስጥ አለ። ይሄ ስህተት ያለበትን ለይተህ ጠብቀኝ፤ ምሳ በልቼ እመጣለሁ። ካልለየህ የጻፍከው አንተ ነህ።»

በሩ ሲዘጋ የእሷን ደብተር ፈለግኩ። በየገጹ ቀይ ክብ፣ በየዳሩ «አሁንም?»። ካድሬው እንግሊዝኛ ባይሆንለት ቀለም ያያል። ልቅደደው እንዳልል ተቆጥሯል። የገዛ እጄ ልጅቷን ሊያስገድላት ነው ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ሲያዩኝ እንኳ አላፈርኩም።

እንባዬን ለመጥረግ መሐረቤን ስፈልግ እጄ ቀዩን እስክሪብቶ ነካ። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ሲወስዱ እሱን ትተውልኝ ነበር፤ እስክሪብቶ ማን ይፈራል።

ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ደብተር አነሳሁ። አንዲት እንከን የሌላት ዓረፍተ ነገር መረጥኩና አከበብኳት። ዳሯ ላይ «አሁንም?» ብዬ ጻፍኩ። በአስተማሪነት ዘመኔ ትክክሉን ስህተት ነው ብዬ አላውቅም፤ ከራሴ የተጣላሁ መሰለኝ። ገልጬ ሌላ አከበብኩ። ሁለተኛውን ደብተር አነሳሁ፤ ሦስተኛውን።

«ምን እየሠራህ ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ትክክሉን ስህተት እያልኩ ነው አባቴ። አንዲት ልጅ አለች።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ተጠግተው ያከበብኩትን እየተቀበሉ እፍ ይሉልኝ ጀመር፣ ቀለሙ እንዲደርቅ። ፊደል አይለዩም፤ ግን አንድም ገጽ ሳይደርቅ አልከደኑም። የመጨረሻውን ስጨርስ የእግር ኮቴ ተሰማ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ጥምጣማቸው ውስጥ ሸጎጡት። የቀላ ጣቴን ወለሉ ላይ ባለው ገለባ ፈተግኩት፤ አልለቅ ሲለኝ ብብቴ ሥር ደበቅኩት።

ካድሬው ቆሞ ገለጠ። አንዱን፣ አምስተኛውን፣ አሥረኛውን። የእሷን አነሳ። እንደ ሌሎቹ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ጣለው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሲሠራ ቆየ?» አላቸው ሽማግሌውን።

«ሲያገላብጥ፣ ሲተክዝ። ሌላ ምን ይሠራል?»

ወደ እኔ ዞረ። «ሁሉም ላይ አለ።»

«ሁሉም ላይ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስህተቱም ከእኔ ነው የመጣው።»

በጥፊ መታኝ። «ምን ዓይነት መምህር ነህ አንተ?»

በወረዳው የሚወዳደረኝ የለም ባይ ሰው ነበርኩ። «ሰነፍ መምህር ነኝ» አልኩት።

ስምንት ወር አቆዩኝ። ስፈታ ሽማግሌውን ቀድመው ወስደዋቸው ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። አንዳንዴ ያ እስክሪብቶ አብሯቸው ይሆን እላለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ውጫሌ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ሽበት የጀመረው ሰው ቤቴን ጠይቆ መጣ፤ ያ የክፍሉ አንደኛ። ቀበሌው ያኔ ለተማሪዎቹ የመለሰውን ደብተር ይዟል።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ይቺን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው አሳየሁ፤ ስህተቷ እስከ ዛሬ አልተገኘልኝም።»

እስክሪብቶ ተቀብዬ «አሁንም?» የሚለውን ሰረዝኩና ትልቅ የራይት ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደብተሩን ከደነና «ማን ነበረች?» አለኝ።

ስሟን አልነገርኩትም። እዚህም አልጽፈውም።