የቀኝ ወንበር ሰዓት

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የንግድ በረራ ፈቃዴን ይዤ ያለ ሥራ ከርሜ፣ አውሮፕላን የሚያከራይ አንድ የቻርተር ድርጅት ለሙከራ ጠራኝ። አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ናት። ካፒቴኑ በግራ፣ እኔ በቀኝ ተቀመጥን።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ሬዲዮ መመለስ፣ ከመነሣታችን በፊት የሚፈተሸውን ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብና መንገደኛ ማሳፈር ነበር። መሪውን አልነካሁም። ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን ከሥራ ውጪ ቃል አይወጣቸውም። ወደ ሰሜን ስንበር ደመናው ተገለጠና የይፋት ቆላ፣ የሮቢ ወንዝ አሸዋ ታየኝ። "ያ አገሬ ነው" ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ስንወርድ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ።

"ደንበኛ ሁለት አብራሪ ሲያይ ልቡ ይረጋል። አንቺም የበረራ ሰዓትሽን እየጻፍሽ ታድጊያለሽ።"

የበረራ ሰዓት አቆጣጠርን ደንብ ለብቻዬ፣ ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው ያጠናሁት። አውሮፕላኗ በአንድ አብራሪ እንድትበር የተፈቀደች ናት። የድርጅቱ መመሪያ ሁለተኛ አብራሪ ግድ ካላለ፣ በቀኝ የተቀመጥኩበት ሰዓት ካፒቴን ለመሆን አይቆጠርልኝም።

"መመሪያው ሁለተኛ አብራሪ ግድ ይላል?" አልኳቸው።

"ማን ይጠይቅሻል? ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "የሚጠይቅሽ ቀጣዩ ቀጣሪሽ ነው፣ ልጄ" ብለው ወጡ።

እስከ ሰኞ ወስኚ ተባልኩ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ወደ አገሬ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የእናቴ የበኩር ልጅ፣ ወንድሜ ጌታቸው፣ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ጭነት ይዘው ሲመለሱ ጀውሃ ለምሳ ስለሚቆሙ እዚያ ጠብቄ ነገሩን አጫወትኩት።

"እንደኔ መሆንሽ ነዋ" ብሎ ሳቀ። "ስትቆሙ ወርደሽ ጎማ ሥር ታኮ ታደርጊያለሽ።"

"ጋሼ፣ አትቀልድብኝ።"

ሳቁን ተወ። እንጀራውን አጠፈና ቀጠለ።

"ሾፌሩ ሲደክመው ሜዳ ሜዳውን የምነዳው እኔ ነኝ። የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እንደሚግል አውቃለሁ። የስንት ዓመት ልምድ አለህ ሲሉኝ ግን፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረኝ ምን ልበል? የማይቆጠር ዓመት ያስረጃል እንጂ አያሳድግም፣ እቴ።"

ሰኞ ደውዬ እንደማልገባ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ "ትጸጸቻለሽ" አሉኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ለጊዜው ልክ ነበሩ። ለወራት እናቴ ደጃፍ ተቀምጬ የማሾ ጥራጥሬ ለቀምኩ። ጓደኞቼ መደወል ተዉ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እናቴ ቀና አትልም ነበር፤ ዓይኗ ከዓይኔ እንዳይጋጭ ይመስለኛል።

ኋላ ሁለት አብራሪ ግድ የሚል የጭነት አውሮፕላን ላይ ተቀጠርኩ። ማደሪያችን ሩቅ በረሃ፣ የማዋየው ሰው የሌለበት ነበር። ሰዓቱ ግን ተቆጠረልኝ፤ ዛሬ በግራ እቀመጣለሁ። ሥራ ሊይዙ ለሚያስቡ ልጆች የምላቸው ይኸው ነው፦ ወንበሩን ከመቀበላችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ።

እኔ ሥራውን በተውኩበት ክረምት፣ ወንድሜ ረዳትነቱን ትቶ ደብረ ብርሃን መንጃ ፈቃድ ሊማር ተመዘገበ። ከክፍሉ ሽበት ያለው እሱ ብቻ ነበር።