አፍንጫው ዝም ሲል

አባቴን የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው «አፍንጫው» በሚል ስም ነው። ጋራዥ ውስጥ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ይዘጋል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይምጋል። ጣፈጥ ያለ ሽታ ከሆነ የራዲያተር ውኃ እየፈሰሰ ነው፤ የተቃጠለ ወረቀት ከመሰለ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ላስቲክ ላስቲክ ካለ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ሌላው መካኒክ ግማሽ ቀን የሚያገላብጠውን እሱ በሁለት ትንፋሽ ጨርሶ ይወርዳል፤ ጉራው ግን በመኪና በር አይወጣም።

ባለፈው ዓመት ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። እሱ ሲነሣ ማሽተቱ አብሮት አልተነሣም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንዴት ይበል? እንጀራውም ስሙም እሱ ነው። ይልቅ ዘዴ ፈጠረ። ደንበኛውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እንደ መምህር ቅንድቡን ሰቅሎ፣ «እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ምን ይሸትሃል?» ይላል። ደንበኛው የሸተተውን ሲናገር «ጎበዝ!» ብሎ ኮፈኑን ይከፍታል። አብሬው የምሠራ እኔ ሴት ልጁ እንኳ ሰዉን እያስተማረ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዓይኗን ታክማ ከሆስፒታል የወጣች ቀን ልንወስዳት ሄድን። አባቴ ጠዋት በጥድፊያ የአሮጌዋን መኪናችን የነዳጅ ቱቦ ቀይሮ ነበር። ስንመለስ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ነው፣ እናቴ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ ከኋላ ተቀምጣለች። ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጭሱን እየለቀቀብን ከፊታችን ይንፏቀቃል፤ መቅደሚያ የለም። ቤንዚን ሸተተኝ። መጀመሪያ ከጭነት መኪናው ነው አልኩ። ቀጥሎ የአባዬ ቱታ ነው አልኩ። አፍንጫው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ?

«ምንድን ነው እሱ የሚሸተው?» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

«ኧረ አባዬ፣ አሁን የፈተና ሰዓት ነው?» አልኩት። ከማርሹ ጋር እየታገልኩ ስለነበር ጨዋታ አላሰኘኝም። «ባለሙያው አንተ፤ አንተው ንገረን።»

ከፊታችን የሚግተለተለውን ጭስ አየ። ከዚያ «የጭነት መኪናው ጭስ ነው፤ መስኮቱን ዝጊው» አለ።

ዘጋሁት። ሽታው ባሰበት፤ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ፈራሁ፤ ግን እሱ ተናግሯል።

«ልጄ፣ ዳር ያዢልኝ። ሊያስመልሰኝ ነው» አለች እናቴ።

«ትንሽ ቻይው እማዬ፣ ዳገቱን ልጨርስ።»

«አሁን ቁሚ አልኩሽ!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ እሷ ዞርኩ። አባቴ መቆማችን ካልቀረ ብሎ ነው መሰለኝ ሲጋራ አውጥቶ ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ኖሯል። እኔ አላየሁትም። እናቴ ግን የክብሪት ሳጥኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«እንዳትጭር! ቤንዚን ነው! አንተ ሰውዬ፣ አይሸትህም እኮ!»

ክብሪቱ የሳጥኑን ጠርዝ እንደነካ እጁ ደርቆ ቀረ። እሷን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቤንዚን ነው?» አለኝ። ይኼኛው ፈተና አልነበረም።

«ቤንዚን ነው፣ አባዬ።»

«ሞተሩን አጥፊ። ሌላ ምንም ማብሪያ እንዳትነኪ። እናትሽን ይዘሽ ራቂ!»

እናቴን ደግፌ ራቅኩ። አባቴ በሮቹን በርግዶ መጣና ሞተሩ እስኪበርድ አጠገባችን ቆመ። ኮፈኑን ሲከፍት ጠዋት የገጠመው ቱቦ ያለቅሳል። ማጥበቂያውን ቀለበት በደንብ አላጠበቀውም ነበር፤ ቤንዚኑ ጠብ የሚለው ደግሞ ከጋለው የጭስ ቱቦ አጠገብ ነው።

«ድሮ ቢሆን እጄን ከቱቦው ሳላነሣ ይሸተኝ ነበር» አለ። ቀለበቱን በካቻቪቴ አጠበቀ፣ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠብታው መቆሙን ደጋግሞ አየ፤ ግን ዓይኑን አላመነውም። «ነይ፣ አሽትቺልኝ» አለኝ።

አጎንብሼ ቱቦውን አሸተትኩ፣ ዙሪያውን አሸተትኩ። «አሁን የሚሸተው እጅህ ብቻ ነው» አልኩት።

ወደ እናቴ ሄደ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ያረረ ሩዝ አቅርቤልህ ጨምሪልኝ ካልከኝ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስምህን ስጠብቅልህ ነዋ! ልጄን ላስፈጃት ነበር!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«አታልቅሺ፣ ዓይንሽ! ሐኪሞቹ እንዳታለቅሺ ብለውሻል እኮ!» እያለ አባቴ ራሱ አለቀሰ።

በማግስቱ አንድ የቆየ ደንበኛ መጣ። አባቴ እንደ ልማዱ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ፤ አጠገቡ ግን ያስቀመጠው እኔን ነው። ከኋላ ለተቀመጠው ደንበኛ «እኔ ማሽተት ካቆምኩ ቆየሁ፤ የምታሸተው እሷ ናት» አለው። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቅንድቡን ሳይሰቅል ወደ እኔ ዞረና መልሴን ጠበቀ።