አባባን ያሳረፉት ጋቢዎች

ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሲቀድ አባባን በወንበር ተሸክመን አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። የተሰበረ ዳሌያቸው ተጠግኗል፤ ሐኪሙ ግን «መኪና ላይ እንዳይንገጫገጩ፣ ጥገናው ይላቀቃል» ብሎ አስጠንቅቆናል። ያን ጊዜ ወደ አገራችን ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው፤ ለጤነኛም አይሆንም። ደግነቱ፣ ለሆስፒታሉ መድኃኒት የሚያደርስ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ካፒቴን ሁለታችንን ሊወስደን ፈቀደ።

አባባ አዩዋትና «ይቺ ናት? በቅሎዬ ትበልጣታለች!» አሉ። ካፒቴኑ ሳቀ። እኔ ግን ትንሽነቷን አይቼ የት አባቴ ልሳቅ።

ረፋድ፣ ሰማይ ላይ

ዓባይን ተሻገርን። ከታች ቢጫ የገብስ ማሳ፣ የሣር ክዳን ጎጆ፣ በጥድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን። በቀኝ በኩል ጉና ብቅ ሲል አባባ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው «እሰይ!» አሉ። እንባቸው ወረደ፤ የእኔም።

የደብረ ታቦር ማረፊያ ሜዳ ታየን። ዘመድ አዝማዱ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። ልናርፍ ስንል ካፒቴኑ አውሮፕላኗን ድንገት ሽቅብ ሳባት።

«ምነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጆፌ አሞራ! አንዱ ቢገጨን መስታወቱን ጥሶ ይገባል። ካልሄዱ ባሕር ዳር አወርዳችኋለሁ፤ ከዚያ በመኪና ነው።»

በመኪና! የአባባን ዳሌ አየሁ።

«ሜዳው ዳር ምን አለ?» አሉኝ አባባ።

አጎንብሼ አየሁ። በሬ ታርዷል፤ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ተዘርግቷል፤ አሞራው ይወርድበታል፣ ይነሣል።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የእናትሽ ሥራ ነው። ከሞት የተረፈ ሰው ሲመለስ ደጃፍ ላይ ይታረድለታል። እኔ መራመድ ስለማልችል ደጃፉን ሜዳ ድረስ አመጣችልኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ።

ዳግመኛ ስንዞር አንዲት ሴት ከሰዉ ተነጥላ እየሮጠች ነው። አሞራውን አባረረች፤ ጋቢዋን አውልቃ ሥጋው ላይ ጣለች። ሌላው ተከተላት፣ ሌላውም። ቀዩ ሁሉ ነጭ ለበሰ። አሞሮቹ ትንሽ ዞሩ፤ የሚበላ ሲያጡ በሸንተረሩ በኩል ወደ ጉና ሄዱ።

«በሉ፣ ያዙ!» አለ ካፒቴኑ።

ደብረ ታቦር

አረፍን። እልልታው ቀለጠ። ያቺ ቀድማ የሮጠችው ሴት እናቴ ኖራለች፤ በቀሚስ ብቻ፣ በዚያ የጉና ብርድ እየተንቀጠቀጠች ቀረበች።

«በገዛ እጄ ላጠፋዎት ነበር!» አለች።

«በሬውን ለእኔ ነው ያረድሽው ወይስ ለአሞራው?» አሉ አባባ።

እያለቀሰች ሳቀች። «እንዲህ መሆኑን በምን ልወቅ! አሞራ ሲመጣ ሥጋ መሸፈን ብቻ ነው የማውቀው።»

አባባ አዲሱን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው አለበሷት። ያንን ጋቢ እኔ ነኝ የገዛሁላቸው፤ እንኳንም ገዛሁ።

«በይ» አሏት፣ «ደጃፍሽን አሻግሪኝ።»

ወንዶቹ ወንበሩን አነሡ። እናቴ እጃቸውን ይዛ፣ ደም በነካቸው ጋቢዎች መሀል ይዛቸው አለፈች።